ሰባት ኢንች

ከሲና አልወረደም፤ ከካስትሮ ገበያ፣
ከካልሲና ከባትሪ፣ ከቢላ መሳያ
መሐል ተሸጉጦ፣ ጥግ ላይ የተጣለ፣
«ማነው የሚወስደኝ በርካሹ?» እያለ።

ዶሚቲላ ገዛችው፣ በአንድ ጆንያ ድንች ዋጋ፤
አንድ ማለዳ ይዛው መጣች፣ ጀልባዋ ላይ፣ እኛ ጋ።
ታብሌት ይሉታል። ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣
ስንጥቁም የጥፍር ቀለም ተቀብቶ ተደብቋል።
ሽፋኑን ከአሮጌ ቦት ጫማ ቆርሳ፣
ማሰሪያውን ደግሞ ከዓሣ መረብ በጥሳ፣
ራሷ ሠራችው።

ቺሎዌ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው፤
ለሚረጥብ ዕቃ ማን ገንዘብ ያወጣል? ብዬ ሳቅሁ፤ ልማዴ ነው።
«ሞተር ያስነሳል ወይ? ገመድ ይጎትታል?
ሲርበን ተቀቅሎ በጨው ይበላል?»
ዝም አለችኝ።
ሠላሳ ዓመት ትኬት የቆረጠች ሴት ዝምታ ነው፤
መልስ አላት፤ እንደ ሳንቲም ቆጥራ ነው የምታወጣው።

ባሕሩ መቼ እንደሚሸሽ፣ መቼ እንደሚመለስ፣
ከየት እንደሚነሣ የነገው ነፋስ፣
የማን በግ ተሳፍራ ሳትከፍል እንደወረደች፣
በዚያች ስንጥቅ ገጽ ላይ መዝግባ ደረደረች።
የሩዴሲንዳ ክኒን ሰዓቱ ሲደርስ፣
እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል እሷን ሊቀሰቅስ።
ሊሳንድሮም፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲሻገር፣
ያልሠራውን ማባዛት ይጨርሳል በባሕር።
ባትሪው ሲያልቅ እንኳ ሥራ አይፈታም፤
ጥቁር መስታወት ነው፣ ፀጉሯን ታበጥርበታለች፤
አንዳንዴም የሻይ ኩባያዋን ታስቀምጥበታለች።

የኔ ጉድ ግን ሌላ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም።
ዓይኔ ከደከመ ሦስት ክረምት አለፈ፣ መነጽር አልገዛሁም።
የዘይቱን መጠን በጣቴ ነክቼ፣
የሞተሩን ሕመም በጆሮ ሰምቼ፣
የመጣ ደብዳቤን «በኋላ» እያልኩ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣
ኖርኩ።
ዶሚቲላ አይታለች። እሷ የማታየው የለም።
አንድ ቀን ሞተር ክፍል ወረደች፤ ነገር አላበዛችም፤
ያንን ሰባት ኢንች ጭኔ ላይ ጣለችና፣
«ሁለት ጣትህን አስቀምጥ፣ ክፈት፣ እንደ ዛጎል» አለችና
ወጣች።

ከፈትኩ።
ትንኝ ያህል የነበረው ቃል የበሬ ግንባር አከለ፤
ከዓይኔ ላይ ጉሙ ገለል አለ።

ማታ ተዋስኩት።
የዘር ድንች ሣጥን ክዳን ላይ፣ ሚስቴ ኦርፊሊና
በእርሳስ የጻፈችው ነበር፣ እጇ ሳይደክም ገና።
ከሞተች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁት፤
የጉንዳን መንገድ ነው፣ ሒሳብ ነው፣ ብዬ ተውኩት።
ፎቶ አነሣሁት። ሁለት ጣቴን ከፈትኩ።
መጀመሪያ «ነጩን በነሐሴ» የሚል አነበብኩ፤
ከሥሩ፣ «ቀዩን ከአጥሩ ጥግ፣ አመድ ጨምርበት»፤
ከሥሩ፣ እርሳሱ ደምቆ፣ ሁለቴ የተሰመረበት፦
«ሰማያዊውን አትሽጥ።»

ሸጫለሁ።
አምና። ጠርጌ፣ አንዲት እንኳ ሳላስቀር።
ገዢውን ዘነጋሁት፤ ገንዘቡ ግን ትዝ ይለኛል፣
የአንድ ሰባት ኢንች ዋጋ ያህል ነበር።

በነጋታው ለዶሚቲላ መለስኩላት፤
ፎቶውን ማጥፋት አላወቅሁበትም፣ እንዳለ ሰጠኋት።
አሁን ከተሳፋሪው ስም፣ ከበጓም ዕዳ በታች
አንድ መስመር ጨምራለች፦
«ሰማያዊ ድንች ያለው፤ ለዘር፤ ሦስት ፍሬ ይበቃል።»
በየወደቡ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤
ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል።
እኔ ከታች፣ ከሞተሩ ጎን፣ እሰማለሁ።

እስካሁን አንድ ሰው፣ ኤልዮዶሮ የሚባል፣
«የኔ ወይን ጠጅ ነው እንጂ ሰማያዊ አይመስለኝም» ብሏል።
«አምጣው» አልኩ።
ሁለት ጣቴን አዘጋጅቻለሁ።