«እኔ ነኝ» አይበቃም

ሃያ ዓመት ጠብቄአለሁ የሰው በር፣ የሰው ዱቄት፣
ኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ተሳቢ በሚያድርበት።
ቁልፍ አውቃለሁ። የዛሬው በሚስማር ይከፈታል፣
የድሮው ግን ዝጎ እንኳ ባለቤቱን ያስለምናል።
ሌሊት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ነው ጥያቄዬ፤
«እኔ ነኝ» ይለኛል ሁሉም ሰው፣ ጌታዬ።
ሌባም ቢሆን «እኔ» ነው፤ ሌላ ስም የለውም፤
ስምና መታወቂያ ሳላይ አልከፍትም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ በደረት ኪሴ ተጎልቶ
አንድ በር መኖሩን አላወቅሁም፣ ሌት ተቀን ወለል ብሎ ተከፍቶ።

ሰኔ ላይ መልእክት ገባ፤ «እንኳን ደስ ያለዎት!
ዕጣ ደርሶዎታል፤ ይቺን መስመር ይንኳት፣ ይጠናቀቅልዎት።»
ነካኋት። ባንክ የሚመስል ገጽ፣ ባንክ የሚመስል ቀለም፤
ምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁ። «ማነው?» አላልኩም።
አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር፣ የልጄ የፈድሉ ጫማ፣
የቆርቆሮው መጠገኛ፣
ወጣ፣ ኮቴው ሳይሰማ።

ጦይባ፣ የመጋዘኑ ጸሐፊ፣ ስልኬን ተቀበለችኝ፤
ትንሽ ሳቀችብኝ፣ ከዚያ አዘነችልኝ።
«ጋሽ አበጋዝ፣ እርስዎ በር የሚጠብቁ ሰው!
ይኼ ብሮውዘርም'ኮ የራሱ ዘበኛ አለው፣ እንቅልፍ የወሰደው።
እንቀስቅሰው።»

በላይኛው ጥግ ሦስት ነጥብ፣ የዝንብ ኩስ የሚያህሉ፤
ስንት ዘመን አየኋቸው፣ «ቁልፍ ነን» መቼ አሉ?
ነካቻቸው። ቅንብሮች። ከዚያ ግላዊነት፣ ከዚያ ደኅንነት፣
እንደ ሐረጎ መንገድ ዞሮ ዞሮ ቁልቁለት።
«የተጠናከረ ጥበቃ»፤ ነጥቡ ከግራ ወደ ቀኝ
ተንሸራቶ ሰማያዊ ሆነ። «ሌላም አለ፣ ይዩኝ፤
ያልተቆለፈ ገጽ ሲመጣ ቀድሞ ያስጠንቅቅ፤
እዚህ ያስቀመጡት ምስጢር ቁጥር ይጥፋ፣ ከእንግዲህ ጣትዎን ይጠይቅ።»

አውራ ጣቴን ሰጠሁት። አላወቀኝም። እንደገና።
ሰንሰለትና ዱላ ልጦታል፣ መስመሩ የለምና።
ትንሿን ጣቴን ሞከርን። እሷን አመናት።
ከመላ አካሌ ሥራ ያልነካት እሷ ብቻ ናት።

ጳጉሜ፣ ከሌሊቱ ስምንት። ቦርከና ሞልቶ ያጓራል፣
የጅቡቲው ተሳቢ ሹፌር ጋቢናው ውስጥ ያንኮራፋል።
የፈድሉ ውጤት ወጥቷል ብለው አድራሻ ላኩልኝ፤
ነካሁ። ስልኬ ቀላ። ዘበኛዬ ከለከለኝ።
«ይህ ገጽ አስጊ ሊሆን ይችላል» ይላል በነጭ ጽሑፍ፤
«ወደ ደኅንነት ተመለስ» ይላል ሰፊው ቁልፍ፤
ከሥሩ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ለማንኛውም ቀጥል»።

ወደ ደኅንነት ተመለስ። ሳቄ መጣ።
ያን ዓመት፣ አገሩ ሁሉ ሲሸሽ፣ ይቺን ቁልፍ ማን ባመጣ!
ስመለስ ጓጉንቸሩን አገኘሁት፣ እንደተቆለፈ መሬት ላይ፤
በሩ የለም። ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩት፣ ከአላህ ሌላ ማንም ሳያይ።

ትናንት ማታ አንዲት ሴት አንኳኳች፣ ዝናቡ እላይዋ ሲወርድ፤
«እኔ ነኝ፣ የሹፌሩ እኅት፣ ስንቅ ይዤለት ነው።»
መታወቂያ የላት። መለስኳት ወደ መንገድ።
ጠዋት ሹፌሩ ጠየቀኝ፤ «እኅቴ አልመጣችም?»
ሐሰት መናገር አቃተኝ። እውነቱም አልወጣኝም።

አሁን እኔ ነኝ ውጪ የቆምኩት፣ የልጄን ስም ይዤ፤
«ማነህ?» ይለኛል መስታወቱ፣ እኔም እንደ እሷ ፈዝዤ።
ጣቴ ደቃቁ ፊደል ላይ ብዙ አንዣበበች።
ደከማት። ወረደች።
እስኪነጋ ጦይባን መጠበቅ ይሻላል፤
ውጤትም ሌባ ካልሆነ፣ ነገም እዚያው ይገኛል።

በሩ ተንኳኳ።
«ማነው?»
«እኔ ነኝ።»
ባትሪዬን አበራሁ፤ ትንሿን መስኮት ብቻ ከፈትኩ፤
ስሙን ከመጠየቄ በፊት፣
«ዝናቡ መታህ?» አልኩ።