መሬት የጠፋባት ጀልባ

እንየው ደወለ ገና ጎህ ሳይቀድ፦
«ጀልባዬ ታማለች፣ ቁንዝላ ቶሎ ውረድ።»
«ምኗን ነው ያመማት?»
«መብራቷ ሲበራ ፓምፑ ትንፋሽ ያጣል፤
ፓምፑ ሲነሳ ደግሞ መብራቷ ይፈዛል፤
ሞተር ላስነሳ ብል
አንዴ ጠቅ ይልና ሁሉም ዝም ይላል።»

እኔ የዱርቤቴ ሰው፣ የባጃጅ ሐኪም ነኝ፤
ፍሬቻው የታወረ፣ ጥሩምባው የዘጋ
ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆሞ የሚጠብቀኝ።
ውሃ ላይ ሽቦ ነክቼ አላውቅም፤
ዋናም፣ እውነቱን ላውጣ፣ ጨርሶ አልችልም።
ግን አምና በነሐሴ፣ ያ ወጀብ ሲያጓራ፣
የእህቴን ልጅ በምጥ ከደቅ ያሻገራት
ይኸው ሰው ነበረ፣ በአንድ መብራት ጮራ።

ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ናስትሮና ቴስተር
በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወጣሁ ከሰፈር።

ጀልባዋ እምቦጭ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ፣
የአምባዛ ሽታ ለብሳ፣ ሆዷ ውሃ ቋጥራ
ጠበቀችኝ።
ስረግጣት ዘመመች፤ አንጀቴም ዘመመ፤
እንየው ሳቁን ውጦ «አይዞህ!» ብሎ ቆመ።

ባትሪውን ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ከስድስት፤ ጤነኛ።
ፊውዙን ወደ ፀሐይ አነሳሁ፤ ክሩ አልተበጠሰም፤
እሱም አይደል ጥፋተኛ።
አምፖሉን ነቅዬ ከባትሪው ብገጥመው ቦግ አለ።
ታዲያ በሽታዋ የት አለ?

ሽቦው ግን ሽቦ ነው? የቁስል ጨርቅ እንጂ!
እዚህ በፌስታል፣ እዚያ በፕላስተር፣
አንዱ ጋ ማስቲካ፣ አንዱ ጋ ምስማር።
«ማነው ይሄን የነካው?»
«ማን ያልነካው አለ! ዓሣ አስጋሪው ነክቷል፣
ሬዲዮ ጠጋኙ ነክቷል፣ ዲያቆኑም ሞክሯል፤
እኔም፣ አልዋሽህም፣ በጨለማ እጄ ዳስሷል።»

ያኔ ጥቁሩን ሽቦ ያዝኩ፣ ማንም የማያየውን፣
ከቀዩ ኋላ ኋላ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደውን።
ፓምፑን አስነስቼ፣ የቴስተሬን አንድ ጫፍ ከባትሪው፣
ሌላውን ከፓምፑ እግር ብገጥመው፣
ዜሮ ማለት ሲገባው
ሰባት አለኝ።

«አገኘሁት» አልኩ፤ «መሬት ጠፍቶባታል።»
እንየው ዞሮ አየኝ፤ ያበድኩ መስሎታል፦
«መሬትማ ያው! ደቅ ስትጠቁር አታያትም?
አርባ ዓመት ስቀዝፍ መሬት ጠፍቶብኝ አያውቅም።»
«የዚያን አይደለም» አልኩት፤ «በቀዩ የወጣው
በጥቁሩ ካልገባ፣ መመለሻ ካጣው፣
ባትሪ ሞልቶ ቢያድር ለማንም አይሆንም፤
መሄድ ለብቻው መብራት አያበራም።»
ዝም አለ እንየው። ውሃውን አየ።

ሳንቃውን አነሳሁ፤ በደረቴ ተኛሁ፤
በጨቀየው ውሃ ሥር ጥቁሩን ተከተልኩ፣ በጣቴ እያየሁ።
አንድ ቋጠሮ አለ፤ ናስትሮው ያምራል፤ ጥብቅ ያለ፣ ንጹሕ።
ብቆርጠው ውስጡ መዳብ አልነበረም፤
አረንጓዴ አመድ ነው፣ ሲነኩት የሚፈስ፤
አንዲት ክር ብቻ ቀርታ፣
ያን ሁሉ ሸክም ብቻዋን ልታደርስ።

ቆረጥኩ፤ ጥቁር። ደግሜ ቆረጥኩ፤ ጥቁር።
በሦስተኛው ቀላ።
ካፖኮርዳ ነክሼ፣ ግሪስ ቀብቼ፣
ከሳንቃው በላይ ሰቀልኩት፣ ውሃ እንዳይበላ።

«በል ቁልፉን አዙረው።»
ፓምፑ ሳለ፤ ተፋ። መብራቷ አልፈዘዘም።
ሞተሯ አገሳች፤ እምቦጩ ተንቀጠቀጠ፤
እንየው ቃል አልወጣውም።

ብር ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት፣
«ነሐሴን ረሳኸው?» አልኩት፣ «ያን ሌሊት?»
እጁን ባዶውን መለሰው።

ጣቴ አረንጓዴ እንደ ሆነ ከጀልባዋ ዘለልኩ፤
ተመስገን ብዬ ደረቁን ረገጥኩ።
ደረቁ ግን ከእግሬ ሥር ይወዛወዝ ጀመር፤
አንዲት የሾላ ግንድ አቅፌ ብቆም፣
እንየው ከሞተሩ ላይ ጮኸ፤ ሳቁን አሁን ሳይውጠው፦
«ምነው አንተ ሰው፣
መሬት ጠፋብህ ወይ?»