ከገደብ በታች

ከማለዳው አሥራ ሁለት፣ ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና፣
የጀልባ ፋብሪካው ገና አልሞቀምና፣
ከቬልዳ አንገትጌ ቱቦ ሰካሁላት፣
ፓምፑን በቀበቶ ወገቧ አሰርኩላት።

“ይኼ ምን ይበላል?” ብላ ጠየቀችኝ፤
“ካንቺው አየር” ብላት፣ “ይጥገብ!” አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት በሙጫ ሮለሯ
የመስታወት ክሩን ስታለሰልስ ኖራ፣
አይሸታትም ዛሬ ድስት ቢያር፣ ጭስ ቢመጣ፤
“አፍንጫዬ” ትላለች “ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ።”

ያን ቀን በሮች ሁሉ ተበርግደው ዋሉ፣
ተኝቶ የከረመ ማራገቢያ ሁሉ
ዞረ፤ አለቃውም፣ ያ ቁጡው ዴል ክሉግ፣
ዶናት ይዞ መጥቶ አወራኝ በወግ።

ስምንት ሰዓት ሙሉ ፓምፑ አንጎራጎረ፤
ቱቦው በበረዶ ታሽጎ በረረ።

በአሥረኛው ቀን መጣ “ከገደብ በታች” ብሎ፤
ቁጥሩ አልዋሸም፣
ቀኑ ነው የዋሸው፣ ፊቱን ተኳኩሎ።

ለቬልዳ ስደውል ሳሏ ቃሏን ቀደማት፤
“በሮቹስ?” ብዬ ጠየቅኋት።
“ዝግ።”

ማታውኑ ፓምፑን ሰክቼ ከመብራት
ሳልጠራ ልሄድ ነው፣
ነገ፣ ማንም በማይጠብቀኝ ሰዓት።