ዕድሜ ከጤና

ሙሐረቅ፣ ባሕሩ ዳር፣ መስኮት በሌለው ቤት፣
አሥራ ሁለት ሰዓት ቀን፣ አሥራ ሁለት ሌት፣
ፀሐይ በማብሪያ ማጥፊያ የምትወጣበት፣
ስድስት መቶ አይጦች አሉ፤ እኔ ነኝ አጣቢያቸው፣
መኝታ ቀያሪ፣ ውሃ ቀጂያቸው።

ግማሹ ሳጥን ላይ ሰማያዊ ወረቀት፣
ግማሹ ላይ ቢጫ፤ አንዱ መድኃኒት አለበት፣
አንዱ ተራ ምግብ ነው። የትኛው የቱ እንደሁ
እኔም አላውቀው፣ ዶክተር ሱሃይላም እንዲሁ።
ምስጢሩ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ነው፣ ይላሉ፤
አይጦቹ ሞተው እስኪያልቁ እሱን ይጠብቃሉ።

«ዕድሜ ማስረዘም ብቻ አይደለም» አለችኝ አንድ ማታ፣
ጓንቷን እያወለቀች፣ ዓይኗን በክንዷ አሽታ፣
«ሳይታመሙ ማርጀት፣ በእግር ቆሞ መሰንበት።»
እኔም በልቤ፦ ይሄማ የደላላዬ ምርቃት!
ሐርቡ ላይ ብሬን ቆጥሮ «ዕድሜ ከጤና» ያለኝ፣
ለካ በግራም ተመዝኖ እዚህ ኖሯል የጠበቀኝ።

የኔም ዕድሜ እዚህ አገር በሁለት ዓመት ይታደሳል፤
ደም ይቀዳል፣ ደረቴ ራጅ ይነሳል፣
ሳንባ ላይ ጥላ ከታየ ቲኬት ይቆረጣል።
ሰማያዊ ልሁን ቢጫ
ማንም አልነገረኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ቢጁ ዘንጉን ያሽከረክራል፣
የወደቁበትን ሰከንድ ይቆጥራል።
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ጆሮዋ የተበሳ፣
ከሁሉ ዘግይታ ወድቃ፣ ፈጥና የምትነሳ፣
ወረቀቷ ቢጫ ነው። ሠላሳ ስምንት ወር አለፋት፣
ጢሟ ሳሳ እንጂ ጉልበቷ አልከዳት።

ለማንም ያልነገርኩት አለ። «በቱቦ አንሱ፣
ፈጥናችሁ መልሱ፣ በእጅ አትዳብሱ»
ይላል ግድግዳው ላይ፣ በዓረብኛና በኡርዱ።
በአማርኛ አልተጻፈም።
ሌሊት ማሽኑ ሳጥን እስኪያጥብ መዳፌ ላይ አቆያታለሁ፣
ስለ ደላላው ዕዳ፣ ስለ ተሰነጠቀ ጥርሴ አወራታለሁ።
ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ እጄን ስለሚበርደኝ ነው፤
እሷ ትሞቃለች፣ ልቧ ጣቴ ላይ ሩጫ ነው።

በጥር ፖስታው ተቀደደ፤ ሰማያዊው ነው መድኃኒቱ፣
ሰባት ሳምንት ነው ትርፉ፣ የሦስት ዓመት ውጤቱ።
ቢጁ አጨበጨበ፣ ተምር ተዞረ በሳህን።
ዶክተሯ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች፦ «ይቺ ግን፣
ተራ ምግብ በልታ፣ ሁሉን ቀብራ የሞተች፣
ምን አግኝታ ነው?» ብላ የጥያቄ ምልክት አቆመች።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤
ዛሬ እጅ ባጠፋ አይጥ ይጠየቃል።
መናገር ነበረብኝ። ኢቃማዬ ግን በሚያዝያ ያልቃል።

አዲሶቹ ገቡ። ወረቀቱ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ተለወጠ፣
ካዝናው ሌላ ፖስታ ዋጠ።
ሐኪም ደሜን ቀድቶ «ጤነኛ» የሚል ማኅተም መታልኝ፤
ሁለት ዓመት ተጨመረልኝ።
ጓንቴን አጠለቅኩ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።
እጄን እንደ ድሮው ይበርደኛል።