ሲባጎ

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አራት ብሎን ቀርቷል፣
በብሎኖቹ መሃል ቀለሙ ነጥቷል፤
ዙሪያው ጥላሸት ለብሶ ሲወይብ ሲኮስስ፣
እሱ ብቻ ቀረ፣ እንደታጠበ ልብስ።
የድሮው ቴሌቪዥን የነበረበት ነው፤
ከሽሽት ስንመለስ በሩም የለ፣ እሱን ማን አስታወሰው።

ድስት ተገዛ ቀድሞ፣ ከዚያ ፍራሽ፣ ከዚያ በር፤
ቲቪ ተራው ሳይደርስ፣ ስንት ክረምት ሲዞር፣
በነዘሀራ መስኮት አንገት እያሰገጉ
ልጆቼ ኳስ ቆመው እያዩ፣ ቆመው አደጉ።

ዘንድሮ እቁቡ ወጣ፣ ሃያ አራት ሺ ብር፤
እንድሪስ ሰማና ደወለ ከመንገድ ዳር፣
ሚሌ ላይ የመኪናውን ጎማ እየቀየረ፦
«ትልቅ ግዢ!» አለና ኔትወርኩ ተሰወረ።

ትልቅ ስንት ነው? አልኩ፤ እኔ በምን አውቄ፤
ከማዳበሪያ ጠርዝ ሲባጎ ነጥቄ፣
የነጣውን ቦታ፣ ወርዱን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ
ለካሁና ቋጠርኩ፣ እንዳያንስ እንዳያልፍ።

የክረምት ቀን ነው፤ ፒያሳ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ፣
ባጃጁም እግረኛውም በጉሙ ተጋርዶ፣
ከሙሂዲን ሱቅ ግን ብርሃን ይፈሳል፤
በሃያ ቲቪ ላይ አንድ ዓሣ ይዋኛል።

«አብሽሪ፣ ግቢ!» አለኝ። ገባሁ ከነጭቃዬ።
«ሰላሳ ሁለት አለ፣ አርባ ሦስት አለ፣ እትዬ፣
አንድሮይድ ነው፣ ዋይፋይ አለው፣ ስማርት ነው በጣሙን፣
ዘፋኝ ቢያምርሽ እንኳ ብቻ ንገሪው ስሙን።»
«ስማርት?»
«ብልህ ማለት ነው።» «ብልህ ከሆነማ
ያለኝን አይቶ ይውረድ!» ሳቀ፤ ዋጋው ግን አልሰማ።

ስም የለሽ ርካሽም አለ፤ ጀርባውን ስነካው
እንደ ባዶ ጣሳ ተንኮሻኮሸ፤ ተውኩት ለሚደፍረው።
ሲባጎዬን መዘዝኩ። አርባ ሦስቱ ላይ ብዘረጋ
ቋጠሮዬን አለፈ፤ አለፈ ደግሞ በዋጋ።
«የጎደለውን ስትችይ በሁለት ወር ትከፍያለሽ።»
«ዕዳ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ማታ ማታ ታያለሽ?»
ብሎ ጠየቀኝ ውስጤ። ውስጤ አይሳሳትም በሒሳብ።
አርባ ሦስቱን ተውኩት ከነዓሣው፣ ከነሐሳብ።

ሰላሳ ሁለቱ ላይ ሲባጎው ተርፎ ተንጠለጠለ፣
ግራ አራት ጣት፣ ቀኝ አራት ጣት። «ተሳሳትሽ» አለ፤
«ኢንች በወርድ አይለካም፣ በሰያፍ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ።»
እኔ ሰያፍ ለክቼ አላውቅም፣ ቀጥ ነው የኔ ወግ።

«ክፈተው» አልኩት ግን፣ «ነጭ አርግልኝ ሙሉውን።»
እንደ ምስር ለቀማ አየሁት ጥግ ጥጉን፣
አንዲት ጥቁር ነጥብ እንዳለች፤ የለችም።
«ድምፁ ቀጠን ይላል።» «ቤቴም ሰፊ አይደለም።»
«ዋስትናው?» «አንድ ዓመት።» «ማኅተም አድርገህ ጻፈው።»
«ስታብላይዘር ያዥበት፣ መብራቱን ካላመንሽው።»
የደሴን መብራት ያመነ ማን አለ፤ ከፈልኩ እሱንም።
በእጄ የቀረው ሳንቲም ለባጃጅም አልሆነም፤

ካርቶኑን ግራ ቀኝ ይዘን ከሙክታር ጋራ፣
እስከ ቧንቧ ውሃ በእግር፣ ስናርፍ በየተራ፣
መንገደኛው አንብቦ «ሙባረክ!» ይላል ቆሞ፤
ሙክታር ገና ሳያየው በሸክሙ ኮራ አስቀድሞ።

ማታ ተሰቀለ። ብልሁ ገለጠና ዓይኑን
መጀመሪያ የጠየቀን የዋይፋይ ቁልፉን።
ዋይፋይ መች አለንና፣ በስልኬ ዳታ አጠባሁት፤
የሳምንት ጥቅል ሲጨርስ ባንድ ማታ፣ ጡት ነሣሁት።
ደህና፣ ብልህነቱ እስከ ወር ደመወዝ ይቆይ፤
ለጊዜው ዲሽ ይበቃል፤ ኳስም ተቀምጦ ይታይ።

እንድሪስ መጣ ኋላ፤ ቆመና አየው ከበር፤
«ትንሽ ነው» አላለም። ያየው ዙሪያውን ነበር፦
በግራው አራት ጣት፣ በቀኙ አራት ጣት፣
ከአዲሱ ጎን የወጣ የዚያ የነጭ ቅሪት።

«ቀለም ላምጣ?» አለኝ። እኔ ግን ሲባጎውን
ከኪሴ አወጣሁና አሰርኩበት ገመዱን።
«ይቆይ» አልኩት። ሙክታር «ጎል!» አለ፣ ዘለለ፤
እንድሪስ ጫማውን ሳይፈታ ፍራሹ ላይ ዘፍ አለ።