የጣፈጠ ለዘር

ቡልጋሪያ፣ ትሮያን ዳርቻ፣ ነሐሴ ሲያልቅ
ዝላትካ ቢላዋ ይዛ ጓሮ ገባች፤
ከየቲማቲሙ ተክል አንዳንድ ቆርጣ ቀመሰች።
«ይሄ ውሃ ውሃ ይላል» ብላ ለዶሮ ወረወረች፤
ይሄኛው ቆዳው ወፍራም፣ ያኛው ኮምጣጣ፤
ሰባተኛው ላይ ምላሷ ደነገጠ፣ ሌላው ሁሉ ዋጋ አጣ።

ሁለተኛ አልጎረሰችም። የጣፈጠ ለዘር ነው።

ብርጭቆ ውስጥ ጨምቃ ሦስት ቀን አስቀመጠች፤
አረፋ አወጣ፣ ሸተተ፤ ጎረቤት አፍንጫዋን ያዘች።
አጥባ አጥልላ፣ ማስጫ ወረቀት ፈለገች።

እጇ የገባው የባሏ መርዶ ነበር፣
ባገሩ ወግ በር ላይ የሚለጠፍ፣
«ዶብሪ፣ ዓመት ሞላው» የሚል፣ ከነፎቶው።

«መቅላት ሲጀምር ውሃ ከልክይው፤
የተጠማ ይጣፍጣል» ይል ነበር ሰውዬው።

ሲደርቅ፣ ሁለት ዘር ከስሙ ላይ አልላቀቅ አለ።
አልፈለፈለችም።
መጋቢት ላይ ስሙን በመቀስ ቆርጣ
እንደገና አፈር አለበሰችው፤
ውሃም አጠጣችው፣
ጥቂት።