ሠላሳ አንደኛው

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከሰልባጁ መደብ፣
አንድ ዓይን ጨፍኖ የጥርስ ረድፍ ማንበብ፣
እሱ ነው ሙያዬ። ሰዓት አድሳለሁ።
በተረፈኝ ጊዜ ጦር እሰበስባለሁ።

አትደንግጡ፣ ላስቲክ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል፤
ጋሻው የሳንቲም ልክ፣ ጎራዴው ከስንጥር በጥቂት የሚሻል።
የሮም እግረኛ አለ፣ ቀይ ጋሻ ያነገተ፤
የፋርስ ቀስተኛ፣ ገመዱን እንደሳበ፣ ሳይለቅ የሰነበተ፤
ባለ ጦሩ ግሪክ፣ ጦሩ ተቀንጥሶ ባዶ የጨበጠ፤
የካርታጎ ዝሆን፣ ምድጃ ዳር ረስቼው ኩምቢው የቀለጠ፤
አንድ የግብጽ ሠረገላ፣ በነጠላ ጎማ የቀረ፤
ከሞተ ሰዓት ሆድ ጥርስ አውጥቼ ገጠምኩለት፤ ዞረ።

ከየት መጡ? ማን ያውቃል።
አንዱ ከባቲ ገበያ፣ ከግመል ጭነት ሥር፣ በአምስት ብር፤
ሁለቱ ከሕፃን ጃኬት ኪስ፣ ደብሪቱ ሰልባጁን ዘርግፋ ስትቆጥር።
"ሙህዬ፣ ዘመዶችህ መጡ!" ብላ ትጣራለች።
አንዱን ቦርከና ነው ያመጣው፣ በክረምት፤ አወል የሚሉት ልጅ በግማሽ ብስኩት ሸጠልኝ።
ዘምዘም፦ "በስልሳ ዓመትህ! ሰው ምን ይልሃል?" ትላለች፤
ጠዋት ግን ሱቁን ስትጠርግ፣ የወደቀውን ሁሉ አቁማ፣
ፊቱን ወደ በር መልሳ ትሄዳለች።

መምህር ፈንታው፣ ታሪክ የሚያስተምር፣ ቆሞ ይነቅፈኛል፦
"ይህ ከዚያ በአምስት መቶ ዓመት ይቀድማል፤ አብረው አይሰለፉም" ይለኛል።
እኔ ምን ቸገረኝ? ሱቄ ውስጥ፣ ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ፣
አንዱ ሦስት ሰዓት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ።

ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲያለብሰው፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣
አጉሊውን በዓይኔ ነክሼ አንድ በአንድ ሳያቸው፣ ነገሩ ሁሉ ሰፋ፦
ጎናቸው ላይ ስፌት አለ፣ እንደ ጆንያ ጠርዝ፤
ያሸነፈው ከተሸነፈው፣ ያው አፍንጫ፣ ያው ከንፈር፣ ያው ትካዜ።
አንድ ቅርጽ ማውጫ ነው የወለዳቸው፤ ቀለም ነው ያጣላቸው።
እግራቸውም ከመቆሚያው ጋር ቀልጦ የተጣበቀ፤
መሸሽ አልተሰጣቸው።

ከተማው መዝጊያውን በጊዜ የሚጥልበት፣ ያ ክፉ ሰሞን፣
እውነተኛው ወታደር ሱቄ ገባ አንድ ቀን።
የማን ወገን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አልነግርም፤
ጫማው ከእግሩ የሚሰፋ፤ ዕድሜው ከጠመንጃው አይበልጥም።
ሰዓቱን ፈታና (የሚሞላ ዓይነት፣ የአባቱ ሳይሆን አይቀርም) "ቆሞብኛል" አለኝ።
ከዚያ መደርደሪያውን አይቶ ዝም አለ፤ ቆየና ጠየቀኝ፦
"የቱ ነው ያሸነፈ?"
"ገና አልጀመሩም" አልኩት።
ሳቀ፤ የሕፃን ሳቅ ነበር፤ ወዲያው ከፊቱ ረገፈ።

ጦር የለሹን ግሪክ አነሳ፤ ባዶ ጭብጡን አገላብጦ፣
"ይሄስ ገብቶታል" አለ፤ "ጥሎት ነው የቆመ፣ ቆርጦ።"
ሰጠሁት።
እኔ ሙህዬ ይማም፣ ለወንድሜ ልጅ እንኳ አንዱን ያልሰጠሁ፣
"ሐሙስ ና፣ ይደርስልሃል፤ አብሽር" ብዬ ሸኘሁ።

ሐሙስ አልመጣም። ሌላም ሐሙስ። የአስፋልቱ ጭስ ሰከነ፤
ደብሪቱ ጨርቋን ዘረጋች፤ ሽንኩርት ተወደደ፣ ከዚያ ደግሞ ደህና ሆነ።
ሰዓቱ ይሠራል፤ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤
ማታ ማታ እሞላዋለሁ።
መደርደሪያው አቧራ ላይ ክብ ቦታ አለ፣ የመቆሚያው ልክ፤
ዘምዘም ሁሉን ትጠርጋለች፣ እሱን ግን ዞራ ታልፋለች፤
አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችም።

ትናንት አወል መጣ፣ ቁመቱ ጨምሯል፤ ከጭቃ የወጣ አንድ ላስቲክ ይዞ፦
"ጋሼ ሙህዬ፣ ይሄኛው ጦር አለው! በሙሉ ብስኩት ነው።"
አጠብኩት፤ እስኪደርቅ ጠበቅኩት፤
ከፋርሱ አጠገብ ቦታ ሰጠሁት።
ስቆጥር ግን፣ ሠላሳ ላይ ስደርስ፣
አንድ ቁጥር ዘለልኩ፤
ሠላሳ ሁለት አልኩት።